አሥራ አንድ ጊዜ እሺ

ከቂርያት ጋት ችሎት፣ ከጠባቧ ክፍል፣
አስተርጓሚ ሆኜ፣ በሰዓት ስከፈል፣
አባ ቢያድግልኝ፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው፣
ከሳሽ ሆነው ቆሙ፣ ባርኔጣ በእጃቸው።
ትንሽ ክስ ነውና፣ ጠበቃ አይገባበት፣
ሁሉም በገዛ አፉ፣ ያቅሙን የሚያወራበት።
ነገሩ ስለ አንድ ዕቃ፣ የውሃ ማጣሪያ፤
ስድስት ሺህ ሸቀል፣ የሦስት ዓመት መክፈያ።

ሻጩ ሲያንኳኳ ጊዜ፣ «ማን ነው?» ብለው ቢሉ፣
«ወገን ነኝ አባባ» ነው፣ የመጀመሪያ ቃሉ።
ኤልዳድ ይባላል ልጁ፣ እዚሁ ነው የተወለደው፣
የአያቱን አርማጭሆ፣ ከፊቱ ያስቀደመው።
ከእናቱ የለቀማት፣ አማርኛ እፍኝ ናት፤
እሷኑ ቁልፍ አርጎ፣ ደጁን ከፈተባት።
ውሉ በዕብራይስጥ፣ ወሬው ባማርኛ፣
ወረቀቱ ባዳ፣ ምላሱ ጓደኛ።
«የዚህ ሰፈር ውሃ፣ ኩላሊት ይጎዳል፤
እዚህ ጋ ይፈርሙ፤ መንግሥትም ይረዳል።»

በሦስተኛው ወር ላይ፣ የልጅ ልጃቸው ሂላ
የባንክ ወረቀት አየች፣ ጡረታቸው ሲበላ።
«ውሉ ይሰረዝ» ብላ፣ ደብዳቤ ብትልክ፣
«አሥራ አራት ቀን አልፏል፤ ይኸው ነው የሕጉ ልክ።»
ለአረጋዊ ሌላ ቀን፣ ሌላ አንቀጽ እንዳለ
ደብዳቤው አይናገርም። ዝምታም ዋጋ አለው ለካ።

ወኪሉ ስልኩን አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ አጋደመ፤
«ንግግሩ ተቀድቷል፤ ሰውየው ሰምቶ ነው የፈረመ።
ቋንቋ አያውቅም እንዳይባል፣ በቋንቋው ነው ያናገርነው።»
ከስልኩ የአባ ድምፅ ወጣ፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ነው፦
እሺ።
እሺ ልጄ።
እሺ፣ እሺ።
«ይቆጠርልኝ» አለ፤ «አሥራ አንድ ጊዜ ተስማምቷል።»
ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረች፦ «ቃሉ ምን ማለት ይሆናል?»

ምን ልበል? «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብሎ ያሳደገኝን ሰው፣
ሺው ስድስት ሆኖ መጥቶ፣ እሺውን ይኸው አሳነሰው።
እሺ ለሐኪም ይባላል፣ ስማችንን አሳስቶ ለጠራ፣
እሺ ለቢሮ መስኮት፣ ነገ ና ላለን በተራ።
እሺ ማለት «እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል፣ አታፍርብኝ»።
እሺ ማለት አንዳንዴ፣ ነጠላ የለበሰ እምቢ ነው።

«ክብርት ዳኛ» አልኩኝ፤ «‹እሰማለሁ› ነው ትርጉሙ።
መስማማት ‹አዎ› ይባላል፤ አንዴም አላሉትም፤ ይስሙ።»
ወኪሉ ብድግ አለ፦ «ተርጓሚ እንጂ ምስክር አይደለም!»
እውነቱን ነው። ዳኛዋ ገሠጸችኝ። ዝም አልኩ።

ግን መጽሐፉን ገለጠች፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፦
«አረጋዊ ከሻጩ ጋር ከተነጋገረ፣ አራት ወር አለው» አለች፤
«መነጋገራቸውን ደግሞ፣ ይኸው፣ እናንተው አመጣችሁልኝ።»
ወኪሉ ስልኩን ወደ ኪሱ።
ውሉ ፈረሰ፤ ገንዘቡም ይመለስ ተባለ።
አባ ቢያድግልኝ ባርኔጣቸውን ደፉ፣
«እሺ» አሉ፤ አሥራ ሁለተኛው።

ማታ ሸኘኋቸው። የሕንፃው ሊፍት ተበላሽቷል፤
አምስተኛ ፎቅ ላይ በር ተከፍቷል፣ ወሬው ቀድሞን ደርሷል።
ወይዘሮ እንጉዳይ፣ ውላቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው፦
ያው ማጣሪያ፣ ያው ልጅ፣ ያችው እፍኝ አማርኛ።
ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። ደገምኩ። የካቲትን ሁለት ጊዜ አየሁት።
አራት ወር።
ከስድስት ቀን።

ሕግ ደግ ሰው ነው፤ ሰዓት ያስራል እንጂ።
«ሌላ አንቀጽ ይኖራል፤ ሰው ማታለል ክልክል ነው፤ እጠይቃለሁ» አልኩ፣
እኔው በራሴ ድምፅ ሳላምን።
እሳቸው እኔን ሊያጽናኑ፣ ብርጭቆ አጥበው፣
ከማጣሪያው ሞልተው ሰጡኝ።
«እሺ» አሉ።

ጠጣሁት።
የቧንቧ ውሃ ነው።